የተቀነሰው ግብር ማን ቤት ይገባል?

(ይህ ጽሑፍ በኦገስት 2024 መጀመሪያ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የኮሎራዶ ምክር ቤት በልዩ ስብሰባ ተጨማሪ የንብረት ግብር ቅናሽ ሲያጸድቅ፣ እዚህ የምቃወማቸው የሁለቱ ሐሳቦች አቅራቢዎች ሐሳቦቹን ከድምፅ መስጫው አነሱ። ንግግሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በአንዱ ስቴት ሲወርድ በሌላው ይነሳል።)

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ። በእረፍት ቀኑ ስለ ግብር ለመስማት የመጣ ሰው አስቀድሞ ሊመሰገን ይገባዋል። እኔ ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው፤ ሥራዬም የሰው ታክስ መሙላት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣውን ወረቀትም ነው።

በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ለኖቬምበሩ ምርጫ በፖስታ በሚደርሳችሁ የድምፅ መስጫ ላይ ፕሮፐርቲ ታክስን (የንብረት ግብርን) የሚቀንሱ፣ ኢኒሼቲቭ የሚባሉ በዜጎች ፊርማ የሚቀርቡ ሁለት ሐሳቦች እንዲገቡ ታቅዷል። አንዱ ኢኒሼቲቭ 50 ነው። በመላው ስቴቱ የሚሰበሰበው የንብረት ግብር በዓመት ከ4 በመቶ በላይ እንዳያድግ በሕገ መንግሥት ይገድባል፤ ከዚያ ለማለፍ የመላው ኮሎራዶ ሕዝብ ድምፅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ኢኒሼቲቭ 108 ነው። ከንብረቱ ዋጋ ግብር የሚታሰብበትን ድርሻ ዝቅ ያደርጋል፣ ለመኖሪያ ቤት ከዋጋው ወደ 5.7 በመቶ፤ የከተማና የትምህርት ቤት አስተዳደሮች የሚያጡትንም ስቴቱ ከካዝናው እንዲተካ ያዛል። እኔ የምላችሁ ሁለቱንም "አይሆንም" በሏቸው ነው።

አሁን ከኋላ አንድ ወንድሜ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ። ልክ ነህ። ባለፈው ዓመት በሜይ ከካውንቲው የመጣውን ደብዳቤ ያልተቀበለ ባለቤት እዚህ የለም። የብዙ ሰው ቤት ግምት በአንድ ጊዜ ከመቶ 35 እና 40 ዘለለ። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ኩሽናው አልታደሰም፣ ደመወዙም 40 በመቶ አልጨመረም። ባንኩ ለግብር ከወር ክፍያችን ላይ የሚያጠራቅመው (ኤስክሮው) ሲስተካከል የወር የቤት ዕዳ ክፍያው (ሞርጌጁ) ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዶላር ጨመረ። በዚህ የተናደደ ሰው ተሳስቷል አልልም። አገር ቤት "የጣሪያና ግድግዳ" የምንለው ግብር ለብዙ ዓመት ከቁጥር የማይገባ ነበር፤ እዚህ ግን የቤት ግብር ማለት ቤት ሊያሳጣ የሚችል ነገር ነው። ንዴቱን አልነካም። የምነካው መድኃኒት ተብሎ የቀረበውን ነው።

እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከ1982 ጀምሮ ጋላገር የሚባል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነበራችሁ። መኖሪያ ቤቶች ከጠቅላላው የግብር መሠረት ከ45 በመቶ ገደማ በላይ እንዳይሸከሙ ስለሚያደርግ፣ የቤት ዋጋ በወጣ ቁጥር ከቤት ዋጋ ግብር የሚታሰብበት ድርሻ ይወርድ ነበር። ከ21 በመቶ ተነስቶ 7.15 ደረሰ። በ2020 ሕዝቡ ራሱ በድምፅ ሰረዘው። ገና በተሰረዘ ማግሥት የቤት ዋጋ ሰማይ ነካ። ፍሬኑ በተነሳበት ሰዓት ቁልቁለቱ መጣ ማለት ነው። በ2023 ፕሮፖዚሽን ኤችኤች የተባለ መፍትሔ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ ሕዝቡ ጣለው። በዚህ ዓመት ሜይ ላይ ደግሞ ምክር ቤቱ ግብሩን ቀንሶ፣ የየአካባቢው አስተዳደር ገቢ በዓመት ከ5.5 በመቶ በላይ እንዳያድግ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ቅናሽ የለም የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ሕግ አላነበበም፣ ወይም እንድታነቡት አልፈለገም።

ታዲያ ካሊፎርኒያዊው ምን አገባው? እኛ ይህን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተነዋል። መጨረሻ ያልኩት ለአፍ ነው፤ 46 ዓመት ሆኖት አሁንም እየታየ ነው።

ጁን 6 ቀን 1978 ካሊፎርኒያ የንብረት ግብርን የሚገድበውን ፕሮፖዚሽን 13ን 65 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አጸደቀች። መሪዎቹ ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን ነበሩ። ጊዜው የዋጋ ንረት ጊዜ ነው። የቤት ዋጋ በዓመት በዓመት ይዘላል፤ በጡረታ የሚኖሩ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች የግብር ወረቀት ይዘው ያለቅሳሉ። ስቴቱ በበኩሉ በቢሊዮን የሚቆጠር ትርፍ ገንዘብ ካዝናው ውስጥ አስቀምጦ፣ ማን እንዴት ይረዳ በሚለው መስማማት አቅቶት ይጨቃጨቃል። ሕዝቡ ትዕግሥቱ አለቀ። የሚያስገርመኝ ሁሌም ይኸው ነው፦ እንዲህ ያለው ነገር የሚያሸንፈው ብልጥ ስለሆነ አይደለም፤ ሹማምንት በጊዜው ሥራቸውን ስላልሠሩ ነው።

ሕጉ እንዲህ አለ። የንብረት ግብር ከግምቱ 1 በመቶ አይበልጥም። ግምቱ ወደ 1975 ዋጋ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም፣ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ። ሲሸጥ አዲሱ ገዢ በገዛበት ዋጋ ይከፍላል። በላዩ ላይ ምክር ቤቱ ማንኛውንም ግብር ለመጨመር የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። የንብረት ግብር ገቢው ባንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ወረደ፤ 57 በመቶ ገደማ።

በዚያው በጋ በብዙ ቦታ የበጋ ዕረፍት ትምህርት ተሰረዘ፣ ቤተ መጻሕፍት ሰዓታቸውን ቀነሱ። የከፋው ግን ወዲያው አልታየም። ስቴቱ ከዚያ ትርፍ ገንዘብ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ለከተሞችና ለትምህርት ቤቶች አደለ። ሕዝቡም "አያችሁ? ምንም አልሆነም" አለ። ትርፉ ሲያልቅ ግን ልማዱ ቀረ፤ ገንዘቡን የሚያድለው ሳክራሜንቶ፣ የስቴቱ ዋና ከተማ፣ ሆነ። የራሱን ትምህርት ቤት በራሱ ግብር የሚያስተዳድር ወረዳ፣ ከዚያ በኋላ የስቴቱን ካዝና ቀና ብሎ የሚያይ ሆነ። በድሮ ጊዜ ለተማሪ በሚወጣ ገንዘብ ከአገሪቱ ፊተኞች አንዷ የነበረችው ካሊፎርኒያ በ1980ዎቹ ከአማካዩ በታች ወረደች።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ወደ ሐበሻው። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የወጣው በ1980 ነው። አብዛኞቻችን ከዚያ ወዲህ ነው የመጣነው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ "ሊትል ኢትዮጵያ" የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በ2002 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በ1975 ዋጋ ግብር የሚከፍል ሐበሻ ስንት አለ? በጣት የሚቆጠር። እኛ በዘገየን ቁጥር፣ በውድ በገዛን ቁጥር፣ ግብሩን የምንሸከመው እኛ ነን። ከእኔ ደንበኞች መካከል ከጎረቤታቸው አምስትና ስድስት እጥፍ የሚከፍሉ አሉ። መንገዱ አንድ፣ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና አንድ፣ ፖሊሱ አንድ።

ይህን የምለው ከኪሴ አውጥቼ እንዳይመስላችሁ፣ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ አለ። ስቴፋኒ ኖርድሊንገር የተባለች ሴት በ1988 ባልድዊን ሂልስ ውስጥ፣ ከፌርፋክስ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በ170,000 ዶላር ቤት ገዛች። ግብሯ በዓመት 1,701 ዶላር መጣ። በዚያው ሰፈር ከእሷ ቤት ጋር የሚመሳሰል ቤት ከ1976 በፊት ጀምሮ የያዘ ጎረቤት የሚከፍለው 358 ዶላር ነበር። ይባስ ብሎ ማሊቡ ባሕር ዳር 2.1 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው ከእሷ ጋር እኩል ሊባል የሚችል ግብር ይከፍላል። ከሰሰች። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈረደባት። ዳኞቹ ሕጉ ፍትሐዊ ነው አላሉም፤ ስቴቱ እንዲህ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለው ነው ያሉት። ነባሩ ሰው ባሰበው ሒሳብ ተማምኖ እንዲኖር፣ ሰፈርም እንዳይበተን። አንዱ ዳኛ፣ ጆን ፖል ስቲቨንስ፣ ብቻቸውን ተቃወሙ። ስለ እኛ የጻፉ ይመስል ባነበብኩት ቁጥር ይገርመኛል፤ የቀደመውን እንደ ባላባት አድርጎ የዘገየውን ገባር የሚያደርግ አሠራር ነው ማለታቸው ነበር።

ኮሎራዶ የቀረበላችሁ ሐሳብ የእኛ ግልባጭ አይደለም። ያን ልክ ላስቀምጥ፣ በኋላ "አታለለን" እንዳትሉኝ። እናንተ ጋ ቤት በየሁለት ዓመቱ ይገመታል፣ ከሃያ ዓመት በፊት የገዛውም ትናንት የገዛውም በአንድ ሚዛን ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠብቁት። ከእኛ ጋር የሚያመሳስለው ሌላ ነው፦ የተቀነሰው ግብር አየር ላይ አይበተንም፣ ወደ ሌላ ሰው ይዛወራል።

ወደ ማን? መጀመሪያ ወደ ተከራዩ። ሃዋርድ ጃርቪስ የሎስ አንጀለስ የአፓርትመንት ባለቤቶች ማኅበር ሰው ነበር። በቅስቀሳው ጊዜ ለተከራዮች የሚነገረው "አከራያችሁ ግብሩ ሲቀንስለት ኪራይ ይቀንስላችኋል" ነበር። ጁን አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ ኪራይ አልቀነሰም፤ እንዲያውም የጨመረ ብዙ ነው። የተከራዩ ንዴት እንዲህ ሆነና ሎስ አንጀለስ፣ ሳንታ ሞኒካና በርክሊ የኪራይ ቁጥጥር ሕግ አወጡ። እኔ ለአከራይ ክፉ አልመኝም፣ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ አከራዮች ናቸው። ግን ኪራይ የሚወሰነው ሰፈሩ በሚከፍለው ዋጋ ነው እንጂ በአከራዩ ወጪ አይደለም። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ተከራይ የሆናችሁ፣ ኢኒሼቲቭ 108 ቢያልፍ ኪራዬን እቀንሳለሁ ብሎ የፈረመላችሁ አከራይ ካለ ስምምነቱን አሳዩኝ።

(እዚህ ላይ ሳቅ ነበር፤ አንዲት እናት ግን "እኛ እኮ ቤት አለን ልጄ፣ የተከራዩን ለተከራዩ ንገረው" አሉኝ። ልክ ናቸው።)

እሺ እናቴ፣ ለባለቤቱ ልናገር። ቅናሹ በመቶኛ ነው። ግብር የሚታሰብበት ድርሻ ከ6.7 ወደ 5.7 በመቶ ሲወርድ፣ ግብሩ ከመቶ 15 ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ለሒሳብ እንዲቀለን፣ እርስዎ በዓመት 3,000 ዶላር ይከፍላሉ እንበል፤ 450 ዶላር ይቀርልዎታል። ጥሩ ገንዘብ ነው፣ አልንቀውም። አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ 400,000 ዶላር ይከፍል ከነበረና በዚያው መጠን ከተቀነሰለት የሚቀርለት 60,000 ነው። ሚዛናዊ ለመሆን፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከንግድ ንብረት ዋጋ ግብር የሚታሰብበት ድርሻ ከመኖሪያ ቤት አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ ምግብ ቤትና ሱቅ ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፣ ቅሬታችሁም እውነት አለው። ቅናሽ ሲታደል ግን ትልቁ ማንኪያ ትልቅ ንብረት ላለው ነው የሚደርሰው። ለሁሉም የሚሠራ ቅናሽ ተብሎ የሚመጣ ሰነድ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "ለእኔ ስንት?" ብቻ ሳይሆን "ለሕንፃው ስንት?" መሆን አለበት።

ከእኛ አገር አንድ ሕንፃ ልጥቀስ። ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር ሚራማር የሚባል ሆቴል አለ። በ2006 የኮምፒውተር ኩባንያው መሥራች ማይክል ዴል ወገን ገዛው። በካሊፎርኒያ ሕግ ንብረት የያዘ ድርጅት ሲሸጥ ግምቱ እንደ አዲስ የሚሠራው አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት ከ50 በመቶ በላይ ሲይዝ ነው። ድርሻው ማንም ከግማሽ በላይ እንዳይዝ ሆኖ ተከፋፈለ፤ ከዴል ወገንና ከሚስቱ ድርሻ አንዱም ግማሽ አይሞላም። ካውንቲው "ይህ ሽያጭ ነው" ብሎ ተከራከረ፤ በ2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ባለቤት አልተቀየረም ብሎ ለገዢዎቹ ፈረደ። እኔና እናንተ ቤት ስንገዛ ግዢው በሚፈጸምበት (በክሎዚንጉ) ቀን ግምቱ ይታደሳል። ባልና ሚስት ለሁለት ተካፍለን መግዛት እንችላለን ብለን ብንሞክር ካውንቲው ይስቅብናል። በ2020 ትልልቅ የንግድ ንብረቶችን ብቻ በገበያ ዋጋ ለማስገመት ፕሮፖዚሽን 15 ቀረበ፤ 52 ለ48 በሆነ ድምፅ ወደቀ። አንዴ በሕገ መንግሥት የገባ ቅናሽ ለመንካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከዚህ ተረዱት። የእናንተም ኢኒሼቲቭ 50 ሕገ መንግሥት ውስጥ የሚገባ ነው።

ሁለተኛው የሚዛወርበት ቦታ ገበያው ነው። ፕሮፖዚሽን 13 ሲያልፍ የካሊፎርኒያ መነሻ የሽያጭ ግብር 6 በመቶ ነበር፤ ዛሬ 7.25 ነው፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ ከ9 በላይ። ከተሞች ከቤት ግብር ብዙ እንደማያገኙ ሲያውቁ፣ መሬታቸውን ለቤት ከመስጠት ይልቅ የመኪና መሸጫና ትልልቅ መደብር ማማለል ጀመሩ። አዲስ ቤት ለሚሠራ ደግሞ የክፍያ ዓይነት ተደረደረበት፤ ለመንገዱ፣ ለፓርኩ፣ ለትምህርት ቤቱ። እሱም ገዢው ላይ ያርፋል። ካሊፎርኒያ ቤት ለምን እንዲህ ተወደደ ሲባል መልሱ ብዙ ነው፣ ይህ ግን አንዱ ነው። እናንተም ብዙዎቻችሁ ከእኛ ስቴት ሸሽታችሁ የመጣችሁት በዚሁ ምክንያት ነው አይደል? ስትመጡ ሻንጣውን ብቻ ይዛችሁ ብትመጡ ጥሩ ነበር።

አሁን የኮሎራዶን ቃል ልያዝ። ደጋፊዎቹ የሚሉት "ስቴቱ ይተካል" ነው። የሚተካው በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። ከየት ያመጣዋል? ከ1992 ጀምሮ ቴቦር የሚባለው ሕግ አለባችሁ፤ ስቴቱ ከሕዝብ ሳይጠይቅ ግብር አይጨምርም። ስለዚህ የሚያመጣው ካለው ላይ ነው፦ ከሜዲኬይድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ከሚሰጠው የጤና መድን)፣ ከኮሌጅ፣ ከመንገድ። ስቴቱ ቃሉን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ2010 ገደማ ጀምሮ፣ በሕግ ለትምህርት ቤቶች ሊሰጥ የሚገባውን ገንዘብ "የበጀት ማረጋጊያ" በሚል ስም እየቀነሰ ይይዝ ነበር፤ በአንዳንድ ዓመታት ከቢሊዮን ዶላር በላይ። ያ አሠራር የቆመው ገና በዘንድሮው በጀት ነው። አሥራ አራት ዓመት። በዚያ ዘመን አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። አሁን ደግሞ ለዚያው ካዝና ተጨማሪ ዕዳ ልናሸክም ነው።

ስለ ኢኒሼቲቭ 50 ያለኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ጣሪያው የሚለካው በመላው ስቴቱ ድምር ነው። በእድር አስቡት፤ የእናንተ እድር መዋጮ ለመጨመር ተስማምቶ ሳለ፣ ሌላ ከተማ ያሉ እድሮች ዘንድሮ ብዙ ስለሰበሰቡ "እናንተ አትችሉም" ይባላል። አንዱ ካውንቲ ውስጥ ብዙ ቤት ሲሠራ፣ ሌላው ጋ ያለ የእሳት አደጋ ጣቢያ ገቢው ሊታገድ ይችላል። የእሳት አደጋ ዲስትሪክቶች ደግሞ የሚተዳደሩት በአብዛኛው በዚህ ግብር ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2021 ሉዊቪልና ሱፒሪየር ላይ የሆነውን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በአንድ ቀን ከአንድ ሺህ በላይ ቤት ነደደ። ከዚያ በኋላ ጣቢያ ልጨምር፣ ሰው ልቅጠር የሚል ወረዳ፣ ነዋሪዎቹ "እሺ እንከፍላለን" ቢሉትም ከግራንድ ጃንክሽን እስከ ፑዌብሎ ያለ መራጭ ፈቃድ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ሕግ ምን ይሉታል?

ከኋላ ያለው ወንድሜ ቅድም ራሱን የነቀነቀው ጠየቀኝ፦ "እሺ ጋሼ፣ አይሆንም ካልን በኋላ በዚያ የግብር ቢል (የክፍያ ወረቀት) ምን እንሁን?" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እንደ ቅስቀሳ አይጮህም። እርዳታ ለሚያስፈልገው ሰው የሚደርስ መንገድ አሁንም አለ፣ የምንጠቀምበት ግን ጥቂት ነን።

ዕድሜያችሁ 65 የሞላ፣ በቤታችሁም አሥር ዓመት የኖራችሁ፣ ከቤቱ ዋጋ የመጀመሪያው 200,000 ዶላር ግማሹ ከግብር ነፃ ይሆናል። ማመልከቻው ለካውንቲው ገማች ቢሮ እስከ ጁላይ 15 መግባት አለበት፤ የዘንድሮው አልፏል፣ የሚቀጥለውን በካሌንደር ላይ አሁኑኑ ጻፉት። ማንም ደጅ አንኳክቶ "ይገባዎታል" አይላችሁም። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ የንብረት ግብር፣ የኪራይና የማሞቂያ ተመላሽ ክፍያ አለ፤ ልብ በሉ፣ ይሄኛው ለተከራይም ነው። እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ ከእናንተ ጋር በኪራይ የሚኖሩ ካሉ ይጠይቁ። ኢኒሼቲቭ 108 ለእነሱ ሰባራ ሳንቲም አያስገባም።

ግምቱ በዝቷል የምትሉ፣ ቀጣዩ ደብዳቤ በሜይ 2025 ይመጣል። ተቃውሞ ማስገቢያው እስከ ጁን 8 ነው። በሰፈራችሁ ተመሳሳይ ቤት በስንት እንደተሸጠ ከካውንቲው ድረ ገጽ አውጥታችሁ አያይዙ፤ "በጣም ውድ ነው" ብሎ መጻፍ አይሠራም፣ ማስረጃ ነው የሚሠራው። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ፎቶ አንሱ።

የድምፅ መስጫው ከመምጣቱ በፊት ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በፖስታ ይደርሳችኋል። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው የሚታተመው፣ በአማርኛ የለም። ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ አስነብቧቸው፤ ከሁሉ በፊት ግን ስለ ገንዘቡ የሚለውን ክፍል፣ ማን እንደሚያጣና ስቴቱ ስንት እንደሚከፍል የሚናገረውን። የተመላሹን ቅጽ ይዤ መጥቻለሁ፣ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። መነጽራችሁን የረሳችሁ እኔ ጋ ኑ፣ አብረን እንሞላዋለን።